መኪና በገንዘብ ይገዛል፤ ባለሙያ ግን በአያያዝ ይቆያል

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በነጋዴው ወገናችን መካከል አንድ የሚያስደስት ዝንባሌ እየታየ ነው። ይኸውም ዕቃ ሲያስመጣ የኖረው ነጋዴ ማምረትን ማሰቡ፣ ባለ ሱቁም በኪራይ መጋዘን ውስጥ አነስተኛ የማምረቻ ቤት ለመክፈት መነሣቱ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወድዷል። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው «ኢትዮጵያ ታምርት» የተባለው ንቅናቄም የብዙዎችን ሐሳብ ወደ ማምረት አዙሯል።

ይህን ሐሳብ ይዞ ምክር የሚጠይቅ ነጋዴ ዘወትር የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። መኪናው ከየት አገር ይምጣ? ባንኩ ብድር ይሰጣል ወይ? ቦታውስ የት ይሁን? ኤሌክትሪኩ ይበቃል ወይ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን «በዚህ መኪና ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ከተቀመጠስ በኋላ እንዴት አድርጌ አቆየዋለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከአሥር አንድ አይገኝም። መኪና በባንክ በኩል ኤልሲ ተከፍቶለት ከውጭ አገር ይመጣል። ቢሰበርም መለዋወጫ ይገዛለታል። የሠለጠነ እጅ ግን በኤልሲ አይመጣም፤ መለዋወጫም የለውም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት አንድ አነስተኛ የማምረቻ ቤት መቆሙና መውደቁ ከመኪናው ይልቅ በሠራተኛው አያያዝ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህም የቸርነት ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነጋዴ ሒሳብ ዐዋቂ ነው። በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ በየጊዜው ይቆጥራል። አንድ ጥቅል ጨርቅ ቢጎድል ወዲያው ያውቃል፤ የጎደለበትንም ምክንያት ሳያገኝ አይተኛም። የማምረቻ ቤት ከከፈተ በኋላ ግን ከበሩ ወጥቶ የሚሄደውን ሙያ የሚመዘግብበት መዝገብ የለውም። አንድ ባለሙያ ሥራውን ትቶ ሲሄድ «ሌላ እቀጥራለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ኪሳራው በወጪ መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ኪሳራ የሌለ ይመስለዋል።

ለምሳሌ ያህል በቀን 100 ጥንድ ጫማ የሚሠራ አንድ አነስተኛ የጫማ ቤት እናስብ። በዚህ ቤት የጫማውን የላይኛ ቆዳ የሚሰፉ ሦስት ባለሙያዎች አሉ እንበል። ከሦስቱ አንዱ በወር 2,000 ብር ጭማሪ ጠይቆ ስለተከለከለ ሄደ። ምትኩን ለማግኘት 12 የሥራ ቀናት ፈጁ፤ በእነዚህም ቀናት በየቀኑ 30 ጥንድ ጎደለ፤ ድምሩ 360 ጥንድ ነው። አዲሱ ሰው ከመጣ በኋላ ደግሞ እጁ እስኪፈታ ድረስ ለ24 ቀናት ግማሽ ያህሉን ብቻ ሠራ፤ ይህም በቀን 15 ጥንድ ጉድለት ሆኖ ሌላ 360 ጥንድ ይሆናል። ጠቅላላው 720 ጥንድ ነው። ከእያንዳንዱ ጥንድ የጥሬ ዕቃው ወጪ ተቀንሶ ለቤቱ የሚተርፈው 200 ብር ቢሆን፣ ባለቤቱ 144,000 ብር አጣ ማለት ነው። ባለሙያው የጠየቀው ጭማሪ ለዓመት ቢታሰብ 24,000 ብር ነበር። ጭማሪው ለሦስቱም ሰፊዎች ቢሰጥ እንኳ ለዓመት 72,000 ብር ይሆናል፤ ይህም በአንድ ሰው መሄድ ከጠፋው ገንዘብ ግማሹ ነው። በዚህ ላይ የተበላሸው ቆዳ፣ ቀኑ ያለፈበት ትእዛዝና የተቀየመው ደንበኛ አልተቆጠሩም። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ቤት ቁጥር ተክቶ ቢያሰላ ግን የሚያገኘው መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም ብለን እናምናለን።

የሠራተኛ መልቀቅ በአገራችን ምን ያህል የበረታ እንደሆነ የተጠናም ነገር አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርከን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ሥራ የጠየቁ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል። ሥራውን ካገኙት መካከል ሲሶው ያህል በመጀመሪያው ወር ውስጥ ለቀዋል። ዓመቱ ሲሞላም ከመቶ 77 የሚሆኑት ሄደዋል። ደመወዙ ከሌላ ሥራ ከሚገኘው ገቢ የሚበልጥ አልነበረም፤ ሥራው አድካሚ ነበር፤ ጤናን የሚጎዳም ሆኖ ተገኝቷል። እነዚያ ድርጅቶች ከእኛ አንባቢዎች የማምረቻ ቤቶች የሚበልጡ ናቸው። ትልቅ ድርጅት እንዲህ ያለውን መፍሰስ በካፒታሉ ብዛት ሊሸከመው ይችል ይሆናል። አሥራ አምስት ሰው ያለው ቤት ግን ከአሥራ አምስቱ አሥራ አንዱ በዓመት ቢለዋወጡበት፣ ሲያስተምር እንጂ ሲያመርት አይከርምም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሙያ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ምን ያህል ሀብት እንደሚያፈራ ለማየት ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በአዲስ አበባ የጫማ ሥራ መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ግድም የአርመን ነጋዴዎች ካቋቋሟቸው ሁለት ፋብሪካዎች ነው። በእነዚህ ፋብሪካዎች ሙያ የቀሰሙ ሠራተኞች ወጥተው የየራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ እነሱም በተራቸው ሌሎችን አስተማሩ፤ በዚህም ሁኔታ በመርካቶና በአካባቢው ብዙ አነስተኛ የጫማ ቤቶች ተተከሉ። በ1990ዎቹ ዓመታት የቻይና ጫማ ገበያውን ባጥለቀለቀው ጊዜ ብዙዎቹ ተናግተው ነበር። ከዚያ መናጋት የተረፉት የአሠራራቸውንና የጥራታቸውን ደረጃ ከፍ አድርገው ገበያቸውን ያስመለሱ ናቸው። ጥራት ደግሞ በባለቤቱ ትእዛዝ ብቻ አይመጣም፤ ቆዳውን በሚቆርጠውና በሚሰፋው፣ በፎርማ ላይ በሚወጥረውና ሶሉን በሚለጥፈው ሰው እጅ ይመጣል።

እንግዲህ በሥራቸው የተቃናላቸው አነስተኛ የማምረቻ ቤቶች ሠራተኛን የሚይዙት እንዴት ነው? በእኛ ግምት ዋና ዋናዎቹ ልማዶች አምስት ናቸው።

የመጀመሪያው በቅጥር ጊዜ አለመቸኮል ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ትእዛዝ በዝቶበት በጥድፊያ የቀጠረ ሰው በጥድፊያ ያሰናብታል። በአገራችን ልማድ ቅጥር የሚፈጸመው አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ ወይም በወዳጅ ጥቆማ፣ በተያዥ ዋስትናም ነው። ተያዥ ታማኝነትን ሊያስረዳ ይችላል፤ ሙያን ግን አያስረዳም። ስለዚህ ብልህ ባለቤት ጥቆማውን ተቀብሎ፣ አመልካቹን በመኪናው ላይ አስቀምጦ ሥራውን በዓይኑ ያያል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። ይህ ጊዜ የተሰጠው ባለቤቱ ሠራተኛውን በርግጥ እንዲመዝንበት፣ ሠራተኛውም ቤቱን እንዲመዝንበት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሳያዩት ቆይተው በስድሳኛው ቀን «አልሆነም» ማለት ግን ሙከራ ሳይሆን ግዴለሽነት ነው።

ሁለተኛው ማስተማርን እንደ አንድ የሥራ ክፍል መቁጠር ነው። በብዙ ቤቶች አንጋፋው ባለሙያ ሙያውን ይደብቃል፤ ስለዚህም ይወቀሳል። ነገር ግን ነገሩን ከእሱ አንጻር ብናየው አይፈረድበትም። ያስተማረው ወጣት በግማሽ ደመወዝ ሊተካው ከሆነ፣ ማስተማር በራስ ላይ መፍረድ ነው። የተቃናላቸው ቤቶች ይህን ቋጠሮ የሚፈቱት ላስተማረ ሰው አበል በመስጠት፣ «ዋና ባለሙያ» የሚል ማዕረግ በመጨመርና ከሥራው እንደማይነሣ አስቀድሞ በማረጋገጥ ነው። በተጨማሪም በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ቢያንስ ሁለት የሚችሉ ሰዎች እንዲኖሩ ያደርጋሉ። አንዱ ቢታመም ወይም ለቅሶ ቢደርስበት ቤቱ አይቆምም። ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ለትብብር ሥልጠና የሚላኩትን ወጣቶችም ዕቃ አመላላሽ አድርገው አይመልሷቸውም። ሥራ ሰጥተው ይፈትኗቸዋል፤ የተሻሉትንም ለይተው ይይዛሉ።

ሦስተኛው የደመወዝ ግልጽነት ነው። ሠራተኛ የሚቀየመው ደመወዙ በማነሱ ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደታሰበለት ባለማወቁም ነው። በቁራጭ ሒሳብ በሚከፈልበት ቤት የአንዱ ጥንድ ወይም የአንዱ ልብስ ሒሳብ ስንት እንደሆነ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ሊለጠፍ ይገባል። የተበላሸ ዕቃ ሲገኝ የማን ጥፋት እንደሆነ የሚታይበት ሥርዐትም ያሻል። ቆዳው ከመጀመሪያው ቀዳዳ የነበረው ከሆነ ጥፋቱ የገዢው እንጂ የሰፊው አይደለም። ከሁሉም በላይ የደመወዝ ቀን መከበር አለበት። ለአቅራቢው ቼክ በቀኑ የሚከፍል ነጋዴ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ «ገንዘብ እስኪገባ» እያለ ለሳምንት ማሳደር ተገቢ መስሎ ከታየው፣ ከሠራተኛው ያለ ወለድ ብድር እየወሰደ መሆኑን ይወቅ። ሠራተኛው ግን የቤት ኪራይ ቀን፣ የዕቁብ ቀን፣ የዕድር ቀን አለበት። እነዚህ ቀኖች ደግሞ አይጠብቁትም።

አራተኛው ሕግን እንደ ቀንበር ሳይሆን እንደ መያዣ ገመድ መጠቀም ነው። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። የሥራው ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድም 16 የሥራ ቀናት ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው ከደመወዙ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ይከፍላሉ። አንዳንድ ባለቤቶች ሠራተኛን ሳያስመዘግቡ ማሠራትን እንደ ቁጠባ ይቆጥሩታል። ነገር ግን ያልተመዘገበ ሠራተኛ ከቤቱ ጋር የሚያስተሳስረው ምንም ነገር የለም። በማለዳ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ቤት ቢሄድ የሚቀርበት የለም። ጡረታው የሚቆጠርለት፣ ፈቃዱ በዓመታት የሚጨምርለት ሰው ግን ለመልቀቅ ሲያስብ ሁለት ጊዜ ያስባል።

አምስተኛው የሠራተኛን ምክር መስማት ነው። በጃፓን የትብብር ድርጅት በጃይካ ረዳትነት በ2002 ዓ.ም. የተጀመረውና በ30 ድርጅቶች የተሞከረው፣ በኋላም በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት አሠራር ዋና መሠረቱ ይህ ነው። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚባሉትን አምስቱን «ማዎች» ብዙዎቻችን ሰምተናል። በግድግዳ ላይ የሰቀልናቸውም አለን። ነገር ግን የቃላቱ ኀይል ያለው በወረቀቱ ላይ አይደለም። መቀሱ የት ቢቀመጥ እንደሚቀና፣ የትኛው ጠረጴዛ መንገድ እንደዘጋ፣ ማስቲሹ ለምን በከንቱ እንደሚፈስ ከማንም በላይ የሚያውቀው በቦታው ስምንት ሰዓት የሚውለው ሠራተኛ ነው። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ሠራተኞቹን ሰብስቦ የሚያዳምጥ ባለቤት፣ ከፍተኛ ገንዘብ የሚከፈልበትን ምክር ከቤቱ ያገኘዋል። የተናገረው ነገር ሲፈጸም ያየ ሠራተኛም ቤቱን እንደ ራሱ ቤት ማየት ይጀምራል። የማይፈጸም ከሆነ ደግሞ ለምን እንዳልተፈጸመ ሊነገረው ይገባል። አስተያየት ተቀብሎ ዝም ማለት ጨርሶ ካለመጠየቅ የከፋ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ የታወቀ ክርክር አለ። «እኔ ገንዘቤን አፍስሼ አስተምራለሁ፤ ሰውየው ሙያውን ከያዘ በኋላ ጎረቤቴ 500 ብር ጨምሮ ይወስድብኛል» የሚል ነው። ይህ ሥጋት ውሸት ነው አንልም፤ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ነው። ነገር ግን ሁሉም ባለቤት ይህን ፈርቶ ማስተማሩን ቢተው፣ በከተማው ያሉት ጥቂት ባለሙያዎች ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ ደመወዛቸው ሲንር፣ የባለሙያው ቁጥር ግን አንድም አይጨምርም። ነጋዴ ይህን ነገር በሌላ ዕቃ ላይ ያውቀዋል፤ አቅርቦቱ ሳይጨምር ገዢዎች በጨረታ ቢሻሙ የሚያተርፍ ገዢ የለም። ከዚህም ሌላ የሚያስተምር ቤት ስሙ ይወጣል። ሥራ ፈላጊ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የእሱን በር ስለሚሆን ከሚሄዱት ይልቅ የሚመጡት ይበልጡለታል።

የሚሄደውንም ሰው አሸኛኘት ማወቅ ያስፈልጋል። ጥሩ ባለሙያ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ የራሱን ቤት ሊከፍት ሲነሣ፣ ብዙ ባለቤቶች እንደ ከዳተኛ ቆጥረው ይቀየሙታል። ሕጉ የሚያዝዘውን የሥራ ምስክር ወረቀት እንኳ የሚነፍጉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በመልካም የተሸኘ ሠራተኛ ነገ ትእዛዝ ሲበዛ የተወሰነውን ሥራ ተቀብሎ የሚሠራ ረዳት፣ ወይም ጥሬ ዕቃ የሚገዛ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። በክፉ የተሸኘው ግን የቤቱን ምስጢርና ዋጋ የሚያውቅ ተቀናቃኝ ይሆናል። የቀሩት ሠራተኞችም ጓደኛቸው እንዴት እንደተሸኘ አይተው፣ የራሳቸውን ነገ ከዚያ ይገምታሉ።

ይህን ሁሉ ስንል የደመወዝን ነገር በመልካም ቃል ለመሸፈን አይደለም። የእህል፣ የቤት ኪራይና የመጓጓዣ ዋጋ በሚጨምርበት ዘመን፣ ባለበት የቆመ ደመወዝ በርግጥ የቀነሰ ደመወዝ ነው። ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ከገበያው ጋር እያስተያየ እንደሚያስተካክል ሁሉ፣ የሠራተኛውንም ደመወዝ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይጠየቅ ሊመረምረው ይገባል። ተጠይቆ የተጨመረ ደመወዝ እንደ ግብር ይቆጠራል፤ ሳይጠየቅ የተጨመረ ግን እንደ ወዳጅነት ይታያል። ገንዘቡ ያው አንድ ነው፤ የሚያፈራው ፍሬ ግን የተለያየ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። የማምረቻ ቤት ያለው ባለቤት ከዕቃ መዝገቡ አጠገብ አንድ ሌላ መዝገብ ይክፈት። በዚህም መዝገብ የሠራተኞቹን ስም፣ የሚችሉትን ሥራ፣ በቤቱ የቆዩበትን ዘመን፣ የመጨረሻ ጭማሪያቸውን ቀን ይጻፍ። ባለፈው ዓመት የሄዱትንም ስም ጽፎ፣ በእያንዳንዱ ፊት ለምን እንደሄደና መሄዱ ስንት ብር እንዳስከፈለ ይገምት። ለማምረት ገና የሚያስበው አስመጪም የመኪናውን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በመኪናው ላይ የሚቀመጡትን ሰዎች ይፈልግ፤ ማሠልጠኛውንም በካፒታሉ ውስጥ ያስብ። ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ዕቃው በአንድ ዓይነት ጥራትና በቀኑ እንዲደርስለት የሚሻ ከሆነ፣ የሚገዛበትን ቤት ሲመርጥ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሠራተኞቹ ስንት ዓመት እንደቆዩ ይጠይቅ። ባለ ሱቁም ተመልሶ የሚመጣበት የተበላሸ ዕቃ ከየትኛው ቤት እንደሚበዛ ያውቃል፤ የዚያን ቤት የሠራተኛ አያያዝ ቢመረምር ምክንያቱን ሳያገኘው አይቀርም።

መኪናችን የዛሬ አሥር ዓመት ያረጃል፤ ዋጋውም በየዓመቱ በእርጅና ሒሳብ ይቀንሳል። በመልካም የተያዘ ሠራተኛ ግን በየዓመቱ ሙያው ይጨምራል። በቤታችን ካሉት ንብረቶች ሁሉ እየዋለ እያደረ ዋጋው የሚጨምረው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ ልንጠብቀው የሚገባን እሱን ነው።